ውጭ የሚያድር ስደተኛ ከእንግሊዝ እንዳይባረር፦ ከደሞዝ ደብተር እስከ ዋስትና ፎርም

ሬስቶራንት ወጥ ቤት እየሠራ ከላይ ባለው ክፍል የሚተኛ ሰው፣ ሥራውን ባጣበት ቀን አልጋውንም ያጣል። የሁለት ወር ደሞዙ አሠሪው እጅ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ሳምንት ወዳጅ ሶፋ ላይ፣ ሁለተኛውን ሌሊቱን ሙሉ በሚሠራ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሦስተኛውን አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ያሳልፋል። ሆም ኦፊስ (የስደተኞችን ጉዳይ የሚይዘው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) የጻፈለት ደብዳቤ ድሮ የነበረበት አድራሻ ደርሶ ማንም ሳይከፍተው ይቀመጣል፤ የመልስ መስጫው ቀን ያልፋል። ከዚያ አንድ ንጋት ላይ አንድ ሰው ባትሪ ፊቱ ላይ አብርቶ ስሙን ይጠይቀዋል።

ለንደን ውስጥ ውጭ የሚያድሩ ስደተኞች በብዛት የሚያልፉበት መንገድ ይህ ነው። ሰንሰለቱን በየትኛውም ቀለበት ላይ መበጠስ ይቻላል፤ ቀደም ባለ ቁጥር ግን ይቀላል። ከዚህ በታች የተጻፈው የእንግሊዝን ሕግ የሚመለከት ነው፣ ስኮትላንድ የቤት አልባዎች ሕጓ የተለየ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ውጭ ማደር ራሱ ያስባርራል ወይ?

በአጭሩ፣ ውጭ ማደር ብቻውን አያስባርርም። ይህ ግን ሳይታገሉ የተገኘ መልስ አይደለም። በ2016 ሆም ኦፊስ ውጭ የሚያድሩ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችን «የመኖር መብታችሁን አላግባብ ተጠቅማችኋል» እያለ ይዞ ማባረር ጀመረ። መኮንኖቹ ንጋት ላይ እየመጡ ደብዳቤ ይሰጡ ነበር፤ ሥራ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ተይዘዋል። ኖርዝ ኢስት ለንደን ማይግራንት አክሽን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ፖሊሲው ሕገ ወጥና አድሏዊ ነው ሲል ወሰነ። ከሳሾቹ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱ ፖላንዳውያን አንዱ ላትቪያዊ። ያ ክስ የቆመው ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ አጣጥፈው ባኖሩት የመባረር ደብዳቤ ላይ ነው። የተሰጣችሁን ወረቀት፣ የተቀደደም ይሁን ዝናብ የመታው፣ አትጣሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ደንብ ወጣ፤ ጊዜያዊ ቪዛ ያለው ሰው ውጭ ካደረ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል የሚል። በርካታ ካውንስሎችና (የአካባቢ አስተዳደሮችና) የቤት አልባ ረጂ ድርጅቶች «አንተባበርም» አሉ። ሚያዝያ 2021 ደንቡ ጠበበ፦ አሁን ቪዛ ለመሰረዝ ውጭ ማደሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየው ተስማሚ እርዳታ በተደጋጋሚ ቀርቦለት እምቢ ያለ፣ ከዚያም በላይ ሌላውን የሚያውክ ድርጊት ያዘወተረ መሆን አለበት። ለዚህ ነው «መጠለያ ሰጠነው፣ አልፈልግም አለ» የምትለው አንዲት መስመር አደገኛ የምትሆነው። የቀረበላችሁ ቦታ የማይሆን ከሆነ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ምክንያቱን ጻፉ ወይም አስጽፉ፦ «ክፍሉ ውስጥ ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች አሉ፣ እኔ ከሱስ ለመውጣት ሕክምና ላይ ነኝ»፣ «ሌላ ከተማ ነው፣ ሐኪሜ እዚህ ነው»። ምክንያቱ የተጻፈ እምቢታና ዝም ብሎ መሄድ በፋይል ላይ በጣም ይለያያሉ።

የአሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ውሳኔ እየጠበቁ ያሉ፣ ስደተኝነታቸው የጸደቀላቸው፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ምዝገባ ፈቃድ ያላቸው በዚህ ደንብ አይነኩም። ጣሊያን ወይም ስዊድን ዜግነት አግኝተው ከ2020 መጨረሻ በፊት ወደ እንግሊዝ የተሻገሩ ያገራችን ሰዎች አሉ። ያን ምዝገባ ሳይፈጽሙ ቀርተው ከሆነ፣ በቂ ምክንያት አቅርቦ ዘግይቶም ማመልከት ስለሚቻል ውጭ አድራለሁ ብለው አይተዉት።

የቀረ ደሞዝ

ደሞዙን የተከለከለ ሰው ከጠበቃ በፊት ደብተር ያስፈልገዋል። የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ በካሽ የተቀበለው መጠን፣ የሰጠው ሰው ስም፣ ሁሉም በዕለቱ ይጻፍ። እዚህ ላይ የሐበሻ ሰዓት ጣጣ ያመጣል። «ማክሰኞ 2–1» ተብሎ የተጻፈ መስመር ለጻፈው ሰው ከጠዋቱ ሁለት እስከ ማታ አንድ ሰዓት፣ ማለትም ዐሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ነው። የአሠሪው ጠበቃ ግን በፈረንጅ ሰዓት አንብቦት «ሬስቶራንቱ ሌሊት 2 ሰዓት ዝግ ነው፣ ደብተሩ የፈጠራ ነው» ይላል። «መስከረም 5» የሚለውም ቀን እንዲሁ ዐሥር ቀን ያዛንፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመስመሩ ጎን በሌላ ቀለም የፈረንጁን ሰዓትና ቀን ጻፉ፣ መጀመሪያ ገጽ ላይ በኢትዮጵያ ሰዓት እንደተጻፈ አስታውቁ። በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ አሮጌውን መጣል ትልቅ ስሕተት ነው። ዳኛ የሚያምነው ዘይት የነካውን፣ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የተሞላውን ዋናውን ደብተር ነው።

በደብተሩ ላይ የዋትሳፕ የሺፍት መልእክቶችን ጨምሩ። የኦይስተር ካርድ (የለንደን አውቶቡስና ባቡር መክፈያ) የጉዞ ታሪክ ወደ ኋላ የሚታየው ለ8 ሳምንት ብቻ ስለሆነ ሥራ ባቆማችሁ ሰሞን አውርዱት።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። ከሚያዝያ 2025 እስከ መጋቢት 2026 ለተሠራ ሥራ ዕድሜው 21 ለሞላ ሠራተኛ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነው፤ በየሚያዝያው ስለሚቀየር የሠራችሁበትን ዓመት ዋጋ ያዙ። በዚያ ዓመት በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን የሠራ ሰው በሳምንት 732.60 ፓውንድ ይገባዋል። አሠሪው አልጋ ከሰጠ ከዝቅተኛው ክፍያ ላይ ለመኝታ ሊቆጥር የሚችለው በዚያው ዓመት ዋጋ በቀን 10.66፣ በሳምንት 74.62 ፓውንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ657.98 በታች መክፈል አይችልም። «በቀን 50 ፓውንድ፣ መኝታና ምግብ በእኔ» የሚለው ውል በሳምንት 300 ፓውንድ መሆኑን ስታዩ የጎደለውን መጠን ትረዱታላችሁ። ምግብ ከዝቅተኛው ክፍያ ላይ አይቆጠርም። በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍትም አለ፤ ያልወሰዳችሁት ቀን ሥራ ስትለቁ በገንዘብ ይከፈላል።

አቤቱታው የሚጀምረው ኤካስ በተባለው የሥራ ክርክር አስታራቂ መሥሪያ ቤት ነው፣ ነጻ ነው። ያለ ኤካስ የምስክር ወረቀት የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱ፣ ትሪቡናሉ፣ ፋይል አይከፍትም። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የጊዜ ገደብ 3 ወር ከአንድ ቀን ጎድሎ ነው፦ መጋቢት 31 መከፈል የነበረበት ደሞዝ የመጨረሻ ቀኑ ሰኔ 30 ነው። ገደቡ ቢራዘም እንኳ በዚህ የሚቆጥር ሰው አይጎዳም። ከ2017 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ትሪቡናሉ ክፍያ አይጠይቅም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ውል ያፈረሰውን አሠሪ በተራው ፍርድ ቤት እስከ 6 ዓመት መክሰስ ይቻላል፣ እዚያ ግን የፋይል መክፈቻ ይከፈላል።

ብዙ ፋይል የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው፤ የአሠሪው ስም። ሰዎች ሱቁ በር ላይ የተለጠፈውን ስም ይጽፋሉ። ትሪቡናሉ የሚፈልገው የኩባንያውን ሕጋዊ ስም ነው፤ ኤካስ ላይ የተጻፈውና ኢቲ1 በሚባለው የክስ ፎርም ላይ የተጻፈው ከተለያየ ክሱ ሊመለስ ይችላል። ፔይስሊፕ (የደሞዝ ዝርዝር ወረቀት) ከሌለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመጠጥ ፈቃድ ወይም የኢንሹራንስ ወረቀት ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ የኩባንያዎች መዝጋቢ በሆነው ካምፓኒስ ሃውስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አመሳክሩ።

የመሥራት ፈቃድ የሌለው ሰው ጉዳይ ይከብዳል፣ ማሳመርም አይገባም። ከ2016 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ሆኖም መብት ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤት የአንዲት የማላዊ ተወላጅ የቤት ሠራተኛን ክስ ተቀብሏል። አሠሪዋ ቪዛሽን አሳድሳለሁ እያለች ሳታሳድስላት ቀርታ ነበር፤ ሠራተኛዋ ይህን ስለማታውቅ ደሞዟን ከመጠየቅ አትታገድም ተባለ። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ሠራተኛው ምን ያውቅ ነበር የሚለው ነው። በዚህ ሁኔታ ያላችሁ ለአሠሪው ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሎው ሴንተር (የነጻ ሕግ ምክር ቢሮ) ሂዱ። አሠሪው «ሆም ኦፊስ እደውላለሁ» ካለ መልእክቱን አትሰርዙ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው የሚቀጥር እሱ ራሱ ከየካቲት 2024 ወዲህ በአንድ ሠራተኛ እስከ 45,000፣ ከደገመ እስከ 60,000 ፓውንድ ይቀጣል። ነገር ግን «ካልከፈልከኝ አሳብቅብሃለሁ» ብላችሁ አትጻፉ፣ ማስፈራራት ተብሎ በእናንተው ላይ ይዞራል።

ከዐረብ ቤተሰብ ጋር የመጡ እህቶች

ከሳውዲ፣ ከኤምሬትስ፣ ከኳታር ቤተሰቦች ጋር ለበጋ ለንደን የሚመጡ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች የያዙት የ6 ወር ቪዛ ነው፣ አይታደስም። ዐረብ አገር ከአሠሪ የጠፋችን ሠራተኛ የሚያስከስሰውን ሁሩብ የሚባለውን የሚያውቁ ስለሆነ ከሆቴሉ ከወጡ ወንጀለኛ የሚሆኑ ይመስላቸዋል። እዚህ ከአሠሪ መሄድ ወንጀል አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በዚያው 6 ወር ውስጥ አሠሪ መቀየርም ይፈቀዳል። ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ደግሞ «እንደ ቤተሰብ ነው የምትኖረው» በሚል ሰበብ ዝቅተኛውን ክፍያ መንፈግ ቀርቷል።

ፓስፖርት ፍለጋ ብላችሁ አትዘግዩ። ከተቻለ የፎቶውንና የቪዛውን ገጽ በስልክ አንሡ፣ ካልተቻለ የሆቴሉን ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የአሠሪውን ሙሉ ስምና የገባችሁበትን ቀን ያዙ፤ እነዚህ አራቱ ለጠበቃ ይበቃሉ። ፓስፖርቱ በተቀማበት፣ በሩ በተቆለፈበት፣ ደሞዝ በተከለከለበት ሁኔታ የሠራች ሴት በዘመናዊ ባርነት ተጎጂነት ልትመዘገብ ትችላለች። ይህን ማመልከቻ ግለሰብ በራሱ አያስገባም። ፖሊስ፣ ሳልቬሽን አርሚ፣ ወይም ለቤት ሠራተኞች የሚሠራው ካላያን የመሰለ የተፈቀደለት ድርጅት ነው የሚልከው። የመጀመሪያው ውሳኔ አዎንታዊ ከሆነ ቢያንስ ለ30 ቀን መጠለያና ድጋፍ ይኖራል፣ በዚያም ጊዜ እንደ ደንቡ አትባረርም። ቪዛው ሳያልቅ ማመልከት ትልቅ ልዩነት አለው፦ የመሥራት ፈቃዷ አብሮ ይቀጥላል። ስድስተኛው ወር አልቆ፣ ሃይድ ፓርክ አካባቢ ሦስት ሌሊት ያደረች እህት ስትገኝም አልረፈደም፤ መንገዱ ግን ይረዝማል።

አድራሻ፣ ስም፣ ስልክ

ውጭ የሚያድር ሰው ዋና ጠላት የማይደርስ ደብዳቤ ነው። የአሳይለም ወይም የሰብአዊ መብት ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን ይግባኙ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ አልጋ ያጣችሁ ዕለት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ደብዳቤ የሚቀበልላችሁ ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ የቀን ማዕከላት ይህን ያደርጋሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሊሆን ይችላል፣ ግን ደብዳቤውን ማን እንደሚረከብ በስም ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ለሆም ኦፊስም ለጠበቃም ለውጡን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂ ያዙ። ሦስተኛ፣ ጂፒ (የሠፈር ሐኪም) ዘንድ ተመዝገቡ። ጂፒ ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃም የመኖሪያ ፈቃድም አያስፈልግም፤ ሪሴፕሽን ላይ «ፕሩፍ አምጣ» ቢሏችሁ ይህን ንገሯቸው። የሐኪም መዝገብ ኋላ ስለ ጤናችሁና ስለ ኖራችሁበት ጊዜ ከማንም በላይ ይመሰክራል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደብዳቤው የተገኘ እንደሆነ ይግባኙን ዛሬውኑ አስገቡ፣ ውጭ እንደምታድሩ የሚገልጽ የማዕከሉን ደብዳቤ አያይዛችሁ የዘገየበትን ምክንያት ጻፉ።

የመኖሪያ ካርዶቹ በ2024 መጨረሻ ቀርተው አብዛኛው ፈቃድ ኢቪዛ፣ ማለትም በኢንተርኔት አካውንት የሚታይ መዝገብ ሆኗል። ይህ ማለት ስልክ የተሰረቀበት ሰው ወረቀቱም አብሮ የተሰረቀ ያህል ነው። ወደ አካውንቱ የምትገቡበትን መረጃ ለአንድ ታማኝ ሰው በወረቀት ስጡ፤ ቁጥር ስትቀይሩ አካውንቱ ላይ ወዲያው ለውጡ። ለአሠሪና ለአከራይ የሚሰጠው ሼር ኮድ ለ90 ቀን ይሠራል፣ ቀድማችሁ አውጥታችሁ ጻፉት። ስማችሁም በየቢሮው በአንድ ፊደል አጻጻፍ ይጻፍ። ያባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚያዝበት አገር አንዱ ጋ ያባት፣ ሌላው ጋ ያያት ስም ተጽፎ፣ የልደት ቀንም አንዱ ጋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሁለት ሰው የሆኑ ሞልተዋል። ሁለት ሰው የሆነን ፋይል ማስተካከል ወራት ይፈጃል።

ካውንስል ጋ

ወረቀት ያገኘ ስደተኛ ከአሳይለም ቤት የሚወጣበት የተለመደው ጊዜ 28 ቀን ነው። በ2024 መጨረሻ ለሙከራ 56 ቀን ሆኖ ነበር፣ በመስከረም 2025 ግን ለብቸኛ አዋቂዎች ወደ 28 ተመለሰ። የመንግሥት ድጎማ የሆነው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያውን ክፍያ ለመስጠት 5 ሳምንት ይፈጃል፤ ሒሳቡ እንደማይገጥም ማንም ያየዋል። ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰ ቀን ለዩኒቨርሳል ክሬዲት አመልክታችሁ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ፣ የምትኖሩበት ካውንስል ዘንድም «ቤት አልባ ልሆን ነው» ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ካውንስሉ በ56 ቀን ውስጥ ቤት የሚያጣን ሰው የመርዳት ግዴታ አለበት። ሐበሻ ለንደን ስለሚበዛ ቤቱን ለቆ ወዲህ መምጣት የተለመደ ነው፤ ሕጉ ግን የአካባቢ ትስስራችሁን የሚቆጥረው የአሳይለም ቤት ከተሰጣችሁ ከተማ ጋር ስለሆነ የለንደን ካውንስሎች ወደዚያው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው አመልክቱ።

ካውንስል ውስጥ ይሉኝታ ይጎዳል። «የት ነው የምታድረው?» ሲባል፣ ውጭ ነኝ ማለት ስለሚያሳፍር «ዘመድ ጋ» የሚል መልስ ይሰጣል። ሠራተኛዋም «መኖሪያ አለው» ብላ ትጽፋለች። ሶፋ ላይ የሚያድር፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚተኛ፣ ነገ ውጣ ሊባል የሚችል ሰው በሕግ ቤት አልባ ነው። የሰባቱን ሌሊት ዝርዝር ጽፋችሁ ሂዱ፦ ሰኞ አውቶቡስ፣ ማክሰኞ ወዳጅ ወለል ላይ፣ ረቡዕ የሱቅ ደጃፍ። ሕመም ካለ፣ እስር ወይም ድብደባ ካለፋችሁበት፣ ተናገሩ፤ ጊዜያዊ ክፍል የሚሰጠው ቅድሚያ ለሚገባቸው ነው፣ ያም የሚወሰነው በዚህ ነው። ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው የሠራተኛዋን ስም፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል በቃል ይጽፋል። «አንረዳም» ካሉ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በ21 ቀን ውስጥ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ጊዜ «በጽሑፍ ስጡን» ሲባል ብቻ ውይይቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ማስጠንቀቂያም አለ። ምንም ፈቃድ የሌለው ሰው ለሶሻል ሰርቪስ (የካውንስሉ የማኅበራዊ ድጋፍ ቢሮ) ሲያመለክት ቢሮው ለሆም ኦፊስ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ጊዜ አለ። ልጆች ላሏቸውና በጠና ለታመሙ ያ በር ጠቃሚ ቢሆንም መጀመሪያ የሕግ ምክር ያስፈልጋል። የአሳይለም ጥያቄ ያለው ግን መጠለያ የሚጠይቀው ማይግራንት ሄልፕ በተባለው ረጂ ድርጅት በኩል ነው፣ በ0808 8010 503፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ጎዳና ላይ ሲቀርቧችሁ

ባትሪ ይዞ የሚመጣው ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኞቹ የእርዳታ ሠራተኞች ናቸው፤ ለንደን ውስጥ ያገኙትን ሰው ቼይን በሚባል መዝገብ ላይ ያስገባሉ። ያ ምዝገባ ውጭ ማደራችሁን ስለሚያረጋግጥ መጠለያ ለማግኘት ይጠቅማል። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ከየትኛው ድርጅት ነህ? የምነግርህ ለሆም ኦፊስ ይደርሳል? ለሆም ኦፊስ የሚላክ የፈቃድ ፎርም ቀርቦ ከሆነ ያለ ምክር አትፈርሙ። የተያዘባችሁን መረጃ ቅጂ መጠየቅ መብት ነው፣ በነጻ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል።

የኢሚግሬሽን መኮንኖች ልብሳቸው ላይ ተጽፎባቸዋል። መንገድ ላይ ሊጠይቋችሁ የሚችሉት ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖራቸው ነው፤ ቆዳ ወይም የእንቅልፍ ከረጢት ጥርጣሬ አይሆንም። የመመለስ ግዴታ የለባችሁም፣ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ስለዚህ ዝምታ ከሐሰት ይሻላል። አንዲት ዓረፍተ ነገር አጥኑ፦ «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?»፣ መሄድ እችላለሁ? መልሱ «የስ» ከሆነ ሳትሮጡ ሂዱ። መሮጥ ለእነሱ ጥርጣሬ ይሰጣቸዋል።

እዚህ ላይ «እሺ» የምትለው ቃላችን ትጎዳናለች። እኛ እሺ የምንለው እየሰማሁ ነው ለማለት፣ ለአክብሮት፣ ነገሩን ለመጨረስም ነው። መኮንኑ «ካንተ ጋር ወደ ቢሮ ብንሄድ ይከፋሃል? ቦርሳህን ልይ?» ሲል የተሰጠ እሺ በመዝገቡ ላይ ፈቃድ ሆኖ ይሰፍራል። ራስ መነቅነቅም እንደዚሁ። ያልገባችሁን «አይ ዶንት አንደርስታንድ፣ አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ፣ አንገታችሁንም አትነቅንቁ።

በፈቃድ የመመለስ ጥያቄም በዚህ ጊዜ ይቀርባል፣ እስከ 3,000 ፓውንድ ድጋፍ ያለው። መመለስ የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው። ግን የመግቢያ እገዳውን ዐውቃችሁ ፈርሙ፦ ያለ ፈቃድ ቆይቶ በራሱ ገንዘብ የሄደ 1 ዓመት፣ በመንግሥት ገንዘብ የሄደ 2 ወይም 5 ዓመት፣ የተባረረ 10 ዓመት። እዚህ ልጅ ወይም ባለቤት ላለው ይህ ልዩነት ሕይወት ነው።

የሚያልፍ ሰው ሊረዳ ከፈለገ ቆሞ መመልከት፣ ሰዓቱንና የመኪናውን ታርጋ መጻፍ፣ ለተያዘው ሰው የጠበቃ ቁጥር ጮክ ብሎ መንገር ይችላል። መኮንኑን መንካት ወይም መግፋት ያስይዛል። ግንቦት 13 ቀን 2021 ግላስጎው ኬንሙር ጎዳና ላይ ጎረቤቶች የኢሚግሬሽን መኪናውን ከብበው ለሰዓታት ተቀምጠው ሁለት ሕንዳውያን እንዲለቀቁ አድርገዋል፤ ያ የሆነው መንደሩ ቀድሞ ተደራጅቶ ስለነበረ ነው።

ከተያዙ በኋላ

ከለንደን የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሂትሮው አጠገብ ወዳሉት ሃርመንድስወርዝ ወይም ኮልንብሩክ፣ አለበለዚያ ጋትዊክ ወዳለው ብሩክ ሃውስ ይወሰዳል። ካሜራ ያለው ስልክ ይወሰድና ተራ ስልክ ይሰጣል። ቁጥሮቻችሁ ሁሉ ከስማርት ስልኩ ጋር ይሄዳሉ። የጠበቃውን፣ የአንድ ዘመድና የሆም ኦፊስ ፋይል ቁጥር በወረቀት ጽፎ ካልሲ ወይም ጫማ ውስጥ መያዝ ውጭ ለሚያድር ሰው የየቀን ልማድ ይሁን።

በገቡ ዕለት ለነጻ ጠበቃ ተመዝገቡ፤ ገቢ ሳይጠየቅ 30 ደቂቃ ምክር ይሰጣል፣ ተራው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል አትጠብቁ። እስር፣ ግርፋት፣ መደፈር ያለፈበት ሰው ለማዕከሉ ሐኪም ተናግሮ «ሩል 35» ሪፖርት ይጠይቅ። ያ ሪፖርት ከተጻፈ ሆም ኦፊስ እስሩን እንደገና እንዲመለከት ይገደዳል። የበረራ ቀንና ሰዓት ያለበት ወረቀት ከተሰጠ በዚያው ሰዓት ለጠበቃ ይነበብ፤ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ዋስትና በሁለት መንገድ ይጠየቃል፦ ቤይል 401 የተባለው ፎርም ለሆም ኦፊስ፣ ቢ1 የተባለው ፎርም ለኢሚግሬሽን ትሪቡናሉ ዳኛ። የሚሻለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ውጭ ሲያድር የተያዘ ሰው የሚወድቅበት ጥያቄ «ስትለቀቅ የት ትኖራለህ?» የሚለው ነው። ወዳጅ ካለ፣ የቤቱ አከራይ ፈቃድ ያለበት አጭር ደብዳቤ ይቅረብ፤ ከሌለ በቤይል 409 ፎርም ሆም ኦፊስ ራሱ መኖሪያ እንዲሰጥ ይጠየቃል፣ ለተለየ ሁኔታ ብቻ ነውና ምክንያቱ በደንብ ይጻፍ። ዋስ መሆን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ችግሩ ሽማግሌዎችን በክብራቸው መርጦ ማቅረብ ነው። ዳኛው ዋሱን የሚጠይቀው በሳምንት ስንቴ ትገናኛላችሁ፣ ስልኩን በቃልህ ታውቀዋለህ፣ ቢጠፋ እንዴት ታገኘዋለህ እያለ ነው። በየሳምንቱ ቡና የሚያጠጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሁለቴ ካየው ሊቀመንበር ይሻላል። ገንዘቡ አስቀድሞ አይከፈልም፣ ሰውየው ግዴታውን ሲያፈርስ ነው የሚጠየቀው።

ወረቀት እሞላልሃለሁ ከሚል ሰው ተጠንቀቁ። ያለ ምዝገባ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት፣ ገንዘብ ባይቀበልም፣ ወንጀል ነው። ምዝገባው ኢሚግሬሽን አድቫይስ ኦቶሪቲ ድረ ገጽ ላይ በስም ይታያል።

ፍርዱ ዋስትና ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚለቁት አመሻሽ ላይ ነው። በሩ ላይ ሰው ይገኝ፤ የተሞላ ስልክ፣ ሒሳብ ያለው ኦይስተር ካርድ፣ ጃኬት ይያዝ። የዋስትናው ወረቀት ላይ የተጻፈውን አድራሻና ሆም ኦፊስ ቀርቦ የሚፈረምበትን የመጀመሪያ ቀን መኪና ውስጥ አብራችሁ አንብቡት። ያን ሌሊት ከተጻፈው አድራሻ ውጭ አይደር፤ የፊርማው ቀን ከሐኪም ቀጠሮ ጋር ከተጋጨ በማግስቱ ጠዋት በኢሜይል ይጠየቅ፣ መልሱ ይታተምና በደብተሩ ውስጥ ይቀመጥ።